የከረመ ሞተር ስታርተሩ እምቢ ሲል

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ እኛ ሰፈር አንድ ድምፅ ይበዛል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ክረምቱን ላስቲክ ለብሰው ቆርቆሮ አጥር ሥር የከረሙ ሞተር ሳይክሎች ናቸው። ባለቤቱ ላስቲኩን ይገፋል፣ ቁልፉን ይከፍታል፣ የስታርት በተኑን ይጫናል። ሞተሩ ቀጭ ብሎ ዝም ይላል። ከዚያ ወይ የሰፈር ልጅ ተጠርቶ ግፊያ ይጀመራል፣ ወይ «ሞተሪኖው ተቃጥሏል» ተብሎ ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ይሮጣል። ሞተሪኖ የምንለው ኢንጂኑን አዙሮ የሚያስነሳውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ስታርተሩን ነው።

እኔ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው። ያረጀሁትም በመኪናና በሞተር ኤሌክትሪክ ሥራ ነው። ከከረመ ሞተር ላይ ሞተሪኖው ራሱ ተቃጥሎ የማገኘው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ባትሪው ላይ ነው። ባትሪው ደህና ከሆነ ደግሞ ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ባለው መንገድ ላይ አንድ ቦታ ዝጓል። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ያንን ቦታ ራሳችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ። ገንዘብ በከንቱ ሲወጣ ማየት ያመኛል፤ በተለይ በሞተሩ እንጀራ የሚበላ ሰው ገንዘብ።

ሞተር የሚቆምበት ምክንያት ከተማችን ውስጥ አይጠፋም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በሞተር ሳይክል ላይ እገዳ ሲጣል ብዙ ሰው ሞተሩን ግቢ አስገብቶ ቆልፎበት ነበር። አንዳንዱ ፈቃድ እስኪያገኝ ያቆማል፣ አንዳንዱ ሥራ ይቀይራል፣ አንዳንዱ ክፍለ ሀገር ሄዶ ይቆያል። ሞተሩ ግን ቆመ ማለት አረፈ ማለት አይደለም። ባትሪው ማንም ሳይነካው በራሱ እየደከመ ይሄዳል። ደክሞ ሲቆይ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ ነጭ ሰልፌት ይጋገራል፤ ያ አንዴ ከጠነከረ ቻርጅ ማድረግ አይመልሰውም። የመዳብ ገመዶች ጫፍ አረንጓዴ ያወጣል። የበተኑና የሪሌዩ (በተኑ ሲጫን የባትሪውን ኃይል ወደ ሞተሪኖው የሚያስተላልፈው ማብሪያ) የውስጥ መገናኛዎች ይጠቁራሉ። ሞተሪኖው ውስጥ ያሉት ካርቦኖች፣ ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያሻግሩት፣ ቤታቸው ውስጥ ይጣበቃሉ። ካርቡሬተር ውስጥ የቀረው ቤንዚን ደርቆ ሙጫ ይሠራል። አይጥ ደግሞ ሽቦ ትበላለች። መርካቶ ዙሪያ የምትኖሩ ይህን ሳልነግራችሁም ታውቁታላችሁ።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ትንሽ ነው። መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ ባለ 8 እና ባለ 10 መፍቻ፣ የካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ትንሽ ቫዝሊን። መልቲሜትሩ ውድ መሆን የለበትም። በተን የሚጫንላችሁ አንድ ሰው ቢኖር ደግሞ ሥራው በጣም ይቀላል፤ ብቻችሁን ከሆናችሁ አንድ እጅ ያጥራችኋል።

በተኑን ከመጫናችሁ በፊት

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ሞተሩ ሲቆም የቤንዚን መዝጊያው ክፍት ከነበረ፣ ካርቡሬተር ውስጥ ያለችው የተንሳፋፊዋ መርፌ ደርቃ ወይም ቆሽሻ አልዘጋ ካለች፣ ቤንዚኑ በቀስታ እየወረደ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ፈሳሽ ደግሞ አይታመቅም። በዚያ ላይ ስታርተር ከጫናችሁ ፒስተኑን የያዘው ዘንግ ሊጣመም ይችላል። ያኔ የ10 ደቂቃ ሥራ ኢንጂን ማስወረድ ይሆናል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቤንዚኑን ዝጉ። የዘይቱን መጠን እዩ። ከልኩ በላይ ከሆነ፣ ቀጥኖ ከሆነ፣ ወይ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ቤንዚን ገብቶበታልና ዘይቱ መቀየር አለበት። ቀጥሎ ካንዴላውን ፍቱ። ቀዳዳው ላይ ጨርቅ ጣሉና ሞተሩን ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጋችሁ በእግር መርገጫው በቀስታ አዙሩት። ቤንዚን ተፍቶ ከወጣ፣ እስኪደርቅ አዙሩና አየር ይንካው። አካባቢው ላይ ከሰል፣ ሲጋራ፣ ጀበና የተጣደበት ምድጃ እንዳይኖር።

ኢንጂኑ ጭራሽ አልዞር ካለ ፒስተኑ ይዟል ማለት ነው። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ የኢንጂን ዘይት ጨምሩና ይደር። በማግስቱ ትልቁን ማርሽ አስገቡና ሞተሩን ወደፊትና ወደኋላ ነቅነቅ አድርጉት። በጉልበት አትታገሉት። ይህ የስታርተር ችግር አይደለም፤ ስታርተሩ ግን ተወቃሽ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ነው።

ካንዴላው ወጥቶ እያለ ኤሌክትሪኩን ከፍታችሁ ኢንጂኑን የምታዞሩ ከሆነ፣ ካንዴላውን ቆቡ ውስጥ መልሱና ብረቱን ከቀዳዳው ራቅ ባለ ቦታ የኢንጂኑን ብረት አስነኩት። እንዲሁ ተንጠልጥሎ አይተው። ብልጭታው ከቤንዚን ጋር እንዳይገናኝም፣ የማቀጣጠያው ሳጥን እንዳይጎዳም ነው።

ድምፁን ስሙት

አሁን ካንዴላውን መልሳችሁ እሰሩ። ቁልፉን ክፈቱ፣ ዜሮ ማርሽ መሆኑን አረጋግጡ፣ በተኑን አንድ ጊዜ ተጫኑ። ከ5 ሰከንድ በላይ አትያዙት። ሞተሪኖ ብዙ አምፒየር ስለሚጠጣ ቶሎ ይግላል። በየሙከራው መሀል ግማሽ ደቂቃ ያህል አሳርፉት።

ምን ሰማችሁ? ጥያቄው ይህ ነው። ሠራተኞቼን ሁሉ መጀመሪያ ያስተማርኳቸው መፍቻ መያዝ ሳይሆን ይህን ነው።

ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ በፍጥነት ከተደጋገመ ሪሌዩ ለመያዝ ይሞክራል፣ ኃይሉ ይወድቅበታል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይሞክራል። ይህ ብዙውን ጊዜ የደከመ ባትሪ ወይም የላላ የባትሪ ጫፍ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ጠንከር ብሎ ቀጭ ብሎ ዝም ካለ፣ ሪሌዩ ይዟል፣ ከዚያ ወዲያ ግን ኃይሉ በበቂ አልደረሰም። የሪሌዩ መገናኛ ተቃጥሎ ይሆናል፣ ገመድ ዝጎ ይሆናል፣ ሞተሪኖው ወይም ኢንጂኑ ይዞ ይሆናል።

ምንም ድምፅ ከሌለ ትእዛዙ ሪሌዩ ጋ አልደረሰም። ፊውዝ፣ በተን፣ የፍሪሲዮን ስዊች፣ የጎን ማቆሚያ ስዊች፣ የተቆረጠ ሽቦ።

እያቃሰተ በዝግታ ከዞረ ኃይል ያንሰዋል። ዝዝዝ ብሎ በፍጥነት እየዞረ ኢንጂኑን ካላንቀሳቀሰ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ጤነኛ ነው፤ የሚይዘው ጥርስ ወይም ሞተሪኖውን ከኢንጂኑ ጋር የሚያያይዘው ፍሪዊል ነው የከዳው።

መልቲሜትር ገና ካልገዛችሁ አንድ ዘዴ አለ። በተኑን እየተጫናችሁ መብራት አብሩ። መብራቱ ጭልጭል ካለ ወይም ከጠፋ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም ጫፉ አልነካም። መብራቱ ምንም ሳይቀንስ እንደ ደመቀ ከቀረ ደግሞ ኃይሉ ጭራሽ ወደ ሞተሪኖው እየሄደ አይደለም። ነገር ግን ብዙዎቹ ትናንሽ የህንድና የቻይና ሞተሮች የፊት መብራታቸው የሚበራው ኢንጂኑ ሲነሳ ነው። ስለዚህ በፍሬቻ ወይም በክላክስ ፈትኑ። ክላክሱን እየነፋችሁ በተኑን ስትጫኑ ድምፁ ከታፈነ መልሱን አገኛችሁ።

ባትሪው

ቁልፉ ተዘግቶ መልቲሜትሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉና የባትሪውን ሁለት ጫፎች ለኩ። ጤነኛና ሙሉ የሆነ ባትሪ ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት ያሳያል። 12.4 ከሆነ ትንሽ ጎድሎታል። 12 አካባቢ ከሆነ ባዶ ነው ብላችሁ ቁጠሩት፤ ብዙ ሰው «12 ካሳየማ ሙሉ ነው» ይላል፣ አይደለም። 10.5 አካባቢ ካሳየና ቻርጅ ተደርጎም ከዚያ አልነሳ ካለ፣ ባትሪው ውስጥ ካሉት 6 ክፍሎች አንዱ ሞቷል። እያንዳንዱ ክፍል ሲሞላ 2.1 ቮልት ያህል ነውና ሒሳቡ ይመጣል። እሱን ባትሪ አትድከሙበት።

ቻርጅ ስታደርጉ ጎኑ ላይ የተጻፈውን አምፒየር ሰዓት፣ ማለትም የባትሪውን የመያዝ አቅም፣ እዩ። ደህናው ልክ የዚያ አንድ አሥረኛ ነው። 7 አምፒየር ሰዓት ለሚል ባትሪ 0.7 አምፒየር። የመኪና ቻርጀር በሙሉ ኃይሉ ብትሰኩበት ትንሿን ባትሪ ያፈላታል። ባትሪው ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ የሚጨመርለት የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። ሃይላንድ የሚጨምሩ ሰዎች አይቻለሁ። የሚጠጣ ውሃ ማዕድን አለው፣ ማዕድኑ ባትሪውን ይገድለዋል። አሲድም አትጨምሩ፤ የተነነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም። ባትሪ ቻርጅ ሲሆን ሃይድሮጂን ያወጣል፣ እሱ ይፈነዳል። ስለዚህ አየር ያለበት ቦታ፣ ከእሳት ራቅ አድርጋችሁ። ስትፈቱ ኔጌቲቩን አስቀድሙ፣ ስትገጥሙ መጨረሻ አድርጉት። እንዲህ ካደረጋችሁ መፍቻው ድንገት ሻንሲውን ቢነካ እሳት አይተፋም።

ቻርጅ ካደረጋችሁ በኋላ ነቅላችሁ ጥቂት ሰዓት አሳርፉትና እንደገና ለኩ። ወዲያው ከነቀላችሁት ያለ ልኩ ከፍ ብሎ ይታያችኋል። ቀጥሎ ዋናው ፈተና ይመጣል፤ በተኑ ተጭኖ ሳለ ለኩት። ስታርተሩ እያዞረ ባትሪው ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ጉልበት የለውም። ቆሞ ሲለካ 12.6 አሳይቶ በተኑ ሲጫን ወደ 6 የሚዘቅጥ ባትሪ ብዙ አለ። ሰልፌት የበላው ባትሪ ምልክቱ ይህ ነው። ባትሪ ሻጭ ዘንድ ሄዳችሁ ቆሞ ብቻ ከለካላችሁ «በጭነት ለካልኝ» በሉት።

ማንም የማይለካው ቦታ

አሁን ጉዳዩ ወዳለበት መጣን። በጣም ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

ጌጃ ሰፈር የሚኖር፣ ዕቃ በማድረስ የሚተዳደር አንድ ልጅ 150 ሲሲ የህንድ ሞተሩን እየገፋ መጣ። «ጋሼ፣ ሞተሪኖው ተቃጥሏል ተባልኩ፤ የት ነው ደህናው የሚገኘው?» አለኝ። ባትሪውን አስቀድሞ በአዲስ ቀይሮታል፣ ስላልሠራ ነው ሞተሪኖ ግዛ የተባለው። «ማን ለካልህ?» አልኩት። ማንም አልለካም። ኢንጂኑ በእግር ሲመታ ይዞራል። በተን ሲጫን አንዴ ቀጭ ይላል፣ ኢንጂኑ ትንሽ ንቅንቅ ብሎ ይቆማል።

ባትሪው ቆሞ 12.7 ነው። ልጁን በተን አስጭኜ ስለካ 11.5 ላይ ቆመ። እዚህ ጋ ልብ በሉ። ስታርተሩ ማዞር እያቃተው ባትሪው ብዙ አልወረደም። ባትሪው ደክሞ ቢሆን ኖሮ ይዘቅጥ ነበር። ስለዚህ ኃይሉ አለ፣ ግን መንገድ ላይ የያዘው አለ።

ቀይዋን የመልቲሜትር ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ጉጥ ላይ፣ ጥቁሯን ሞተሪኖው ላይ ቀዩ ወፍራም ገመድ የታሰረበት ቡሎን ላይ አደረግኩ። ልጁ ሲጫን 0.3 ቮልት አሳየ። ደህና ነው፣ በዚህ በኩል እስከ 0.5 ድረስ አልጨነቅም። ቀጥዬ ጥቁሯን የባትሪው ኔጌቲቭ ጉጥ ላይ፣ ቀይዋን የኢንጂኑ ባዶ ብረት ላይ አድርጌ «ተጫን» አልኩት። 2.4 ቮልት። እዚያ መታየት ያለበት ከ0.2 ብዙ የማይበልጥ ነው። ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩት። ከ11.5 ላይ 0.3 እና 2.4 ስትቀንሱ ሞተሪኖው የሚያገኘው 8.8 ብቻ ነው። በዚህ ኃይል ጤነኛ ሞተሪኖም ኢንጂን ለማዞር ይቸገራል።

ኔጌቲቩን ገመድ በጣቴ ተከትዬ ወረድኩ። ማሳው፣ ማለትም የኔጌቲቩ ገመድ ሌላኛው ጫፍ፣ ከኢንጂኑ ጋር የሚታሰርበት ቡሎን ከታች በኩል፣ ከዘይትና ከጭቃ ሥር ተደብቋል። በባለ 10 መፍቻ ፈታሁት። የገመዱ ቀለበት ዙሪያውን አረንጓዴ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ አዲስ ጥቁር ቀለም። «ቀለም አስቀብተኸው ነበር?» ስለው ክረምት ሳይገባ ሞተሩን አሳምሮ እንዳስቀባ ነገረኝ። ቀለሙ ቀለበቱ ሥር ገብቷል፣ የቀረችውን ጠባብ መነካኪያ ደግሞ የክረምቱ እርጥበት በላት። ቀለበቱን በብርጭቆ ወረቀት ቀዩ መዳብ እስኪወጣ ፈገፈግኩት። የኢንጂኑን ብረት እስኪያብረቀርቅ ፋቅኩት። የቡሎኑን ጥርስ በብሩሽ ጠረግኩ። አጥብቄ አሰርኩና ከላይ ቫዝሊን ቀባሁበት፤ ቫዝሊን የሚቀባው ከታሰረ በኋላ ነው፣ መሀል ሳይሆን።

ልጁ ተጫነ፣ ኢንጂኑ በኃይል ዞረ። ማሳው ላይ ስለካ 0.1። ባትሪው ግን በተኑ ሲጫን 10.4 ወረደ። «ጋሼ፣ ባሰበት እኮ!» አለኝ። አልባሰበትም። መንገዱ ሲከፈት ሞተሪኖው የሚፈልገውን አምፒየር መሳብ ጀመረ፤ ብዙ ሲስብ ባትሪው ዝቅ ይላል። ቀድሞ 11.5 ላይ የቆመው ስላልሳበ ነው። ይህን የሚረዳ ሰው ያለ ጥፋቱ ባትሪ አይቀይርም።

አንድ ነገር ልጨምር። መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጎ ገመድ መለካት ለዚህ ሥራ አይረዳም። ወፍራሙ ገመድ ውስጥ ካሉት ክሮች አንዷ ብቻ ብትቀር ኦሙ ዜሮ ያሳያችኋል። ያቺ አንዷ ክር ግን በአሥር የሚቆጠር አምፒየር አትሸከምም። ስለዚህ ሁልጊዜ ቮልቱን ለኩ፣ በተኑ ተጭኖ ሳለ። ስትለኩም ጫፉን የገመዱ ቀለበት ላይ ሳይሆን የባትሪው ጉጥ ራሱ ላይ አድርጉ። ብዙ ጊዜ ዝገቱ ያለው በሁለቱ መሀል ነው፣ ቀለበቱ ላይ ከለካችሁ ታልፉታላችሁ።

የባትሪ ጫፍ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካወጣ፣ ገመዱን ፍቱና በሞቀ ውሃ በተበጠበጠ ቢካርቦኔት እጠቡት። አረፋ ያወጣል፣ አይግረማችሁ፤ አሲዱን እየበላው ነው። ውሃው ወደ ባትሪው ቀዳዳዎች እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

ሪሌዩና ስዊቾቹ

ሪሌዩን ለማግኘት ከባትሪው ፖዘቲቭ የወጣውን ወፍራም ገመድ ተከተሉ። ሁለት ወፍራም ቡሎንና ቀጫጭን ሽቦዎች ያሉት ትንሽ ዕቃ ነው። ፊውዙም ብዙ ጊዜ እዚያው ወይም አጠገቡ ነው። ፊውዙን አውጥታችሁ እዩ፤ ሳይቃጠል እግሮቹ ብቻ ዝገው የማይነካም አለ።

መልቲሜትሩን ሁለቱ ወፍራም ቡሎኖች ላይ አድርጉ። በተኑ ሳይጫን የባትሪውን ቮልት ማሳየት አለበት። ቀጭ ሲል ደግሞ ወደ ዜሮ መውረድ አለበት፤ 0.2 እና ከዚያ በታች ጥሩ ነው። ቀጭ ብሎም 12 ላይ ከቀረ የውስጡ መገናኛ ተቃጥሏል፣ ሪሌዩን ቀይሩ። ሳይጫን ገና ከመጀመሪያው ዜሮ ካሳየስ? ያኔ ከሪሌዩ ወዲያ መንገዱ ተቆርጧል። ወይ ገመዱ ወልቋል፣ ወይ ሞተሪኖው ውስጥ ካርቦኑ አልነካም። ይህቺ ምልክት ሞተሪኖውን ሳትፈቱ የሞተሪኖውን ሆድ ታሳያችኋለች።

ሰፈር ውስጥ ሁለቱን ቡሎን በካቻቢቴ አገናኝቶ የሚሞክር ብዙ ነው። አልመክርም። የሚወጣው ብልጭታ ትልቅ ነው፣ ታንከሩ ደግሞ ቅርብ ነው። ማርሽ ላይ ከሆነም ሞተሩ ዘሎ ይሄዳል። መልቲሜትሩ ያንኑ መልስ ያለ እሳት ይሰጣችኋል።

ሪሌዩ ጭራሽ ቀጭ ካላለ ቀጫጭኖቹን ሁለት የስታርት ሽቦዎች በተኑ ተጭኖ ለኩ። በመሀላቸው 12 ቮልት ካለ ትእዛዙ ደርሷል፣ ሪሌዩ ነው የሞተው። ከሌለ ወደ ላይ ውጡ። መጀመሪያ ቀዩ የኢንጂን ማጥፊያ ክፍት መሆኑን እዩ፤ ሞተሩ ሲሸፈን ላስቲክ ነክቶት የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ደጋግማችሁ ክፈቱ ዝጉት፣ የጠቆረው መገናኛ በፍትጊያ ይጠራል። የዜሮ ማርሽ አረንጓዴ መብራት መብራቱን አረጋግጡ። ካልበራ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ሞክሩ። የጎን ማቆሚያውን አጥፋችሁ ሞክሩ፤ ስዊች ያለው ከሆነ ጭቃና ዝገት ይይዘዋል። ከዚያ ከታንከሩ ሥርና ከፊት መብራቱ ጀርባ ያሉትን ሽቦዎች ተመልከቱ። አይጥ የምትወደው እዚያ ነው። የተቆረጠ ካገኛችሁ በፕላስተር ብቻ ጠምዝዛችሁ አትለፉት፤ በእርሳስ አስበይዱት።

ሞተሪኖው ራሱ

እዚህ ድረስ ሁሉም ጤነኛ ሆኖ ከተገኘና ሞተሪኖው ጋ 10 ቮልት ገደማ ደርሶ ካልዞረ፣ አሁን ሞተሪኖውን መጠርጠር ትችላላችሁ። በካቻቢቴ እጀታ በቀስታ መታ መታ እያደረጋችሁ በተን አስጫኑ። ከዞረ ካርቦኑ ተጣብቆ ነበር። ይህ ግን መድኃኒት አይደለም፣ ምርመራ ነው፤ ነገም ይቆማል።

ስትፈቱት ባትሪውን አስቀድማችሁ አላቁ። ከመክፈታችሁ በፊት ሁለቱን ክዳኖችና መሀሉን በሚስማር ጭራችሁ ምልክት አድርጉባቸው፣ ሲገጠም እንዳይዞርባችሁ። ጫፎቹ ላይ ቀጫጭን ሮንዴላዎች አሉ። በስንተኛ ቅደም ተከተል እንደነበሩ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ካርቦኖቹ ቤታቸው ውስጥ በነፃ መንሸራተት አለባቸው። ከተጣበቁ አጽዱ፣ ካጠሩ በልካቸው ይገዙ፤ ሞተሪኖውን ሙሉ ከመቀየር በጣም ይረክሳል። ካርቦኑ የሚነካው የመዳብ ሲሊንደር ከጠቆረ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን አጽዱት። በመዳቦቹ መሀል ያሉትን ስንጥቆች የሞላውን የካርቦን ዱቄት በሹል እንጨት ጠርጉ። ውስጡ ዝጎ ማግኔቶቹ ከቤታቸው ከተላቀቁ፣ ወይም ሽቦው ጠቁሮ የቃጠሎ ሽታ ካለው፣ አሁን ሶማሌ ተራ መሄድ ተገቢ ነው። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የጥርሱ ቁጥርና የቡሎኖቹ ርቀት ካልተመሳሰለ አይገጥምም፣ ስሙ አንድ ቢሆንም እንኳ።

ዝዝዝ እያለ ብቻውን የሚዞር ከሆነ ፍሪዊሉ ነው። ውስጡ ያሉት ሮለሮች በወፈረ አሮጌ ዘይት ተጣብቀው አልይዝ ይላሉ። ከመበተናችሁ በፊት ሞተሩን በእግር መርገጫው አስነሱ፣ ይሙቅ፣ ዘይቱን ቀይሩ፣ ትንሽ ንዱት። አንዳንዱ በዚያው ይድናል። ካልዳነ የኢንጂን ክዳን ይከፈታል፣ እሱን ለባለሙያ ስጡ።

ስታርተሩ በደንብ እያዞረ ኢንጂኑ ካልነሳ ስታርተሩን ተዉት። የከረመውን ቤንዚን ከካርቡሬተሩ ታችኛ ሳህን አፍስሱ፣ አዲስ ጨምሩ፣ ትንሿን ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ) አጽዱ፣ ካንዴላውን እዩ። ባትሪውን በማያቋርጥ ስታርት አትጨርሱት።

ከተነሳ በኋላ

ኢንጂኑ ሲነሳ ሥራው አላለቀም። ባትሪው ላይ መልቲሜትሩን እንዳደረጋችሁ ነዳጅ ስጡት። ከፍ ባለ ዙር ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መድረስ አለበት። ከ13 በታች ከቀረ ባትሪው አይሞላም፤ በሦስተኛው ቀን ያው ቀጭታ ይመለሳል። ከ15 በላይ ከሄደ ደግሞ የቻርጁን ቮልት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ባትሪውን እያቃጠለው ነው።

ጂፒኤስ ወይም አላርም የተገጠመለት ሞተር ካላችሁ አንድ ተጨማሪ ልኬት አለ። ቁልፉን ዝጉ፣ ኔጌቲቩን ገመድ ፍቱ፣ መልቲሜትሩን አምፒየር ላይ አድርጋችሁ በባትሪው ጉጥና በገመዱ መሀል አስገቡት። መጀመሪያ በትልቁ የ10 አምፒየር ቀዳዳ ጀምሩ፣ ትንሽ መሆኑን ስታዩ ወደ ሚሊ አምፒየር ዝቅ በሉ። በዚህ ጊዜ የስታርት በተኑ እንዳይነካ፣ መልቲሜትሩ ይቃጠላል። 20 ሚሊ አምፒየር ካያችሁ በቀን ወደ ግማሽ አምፒየር ሰዓት እየተበላ ነው። 7 አምፒየር ሰዓት ያለው ባትሪ በሁለት ሳምንት ገደማ ባዶ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሞተር የምታቆሙት ከሆነ በየሳምንቱ ቻርጅ አድርጉት። በየሳምንቱ አስነስቶ አምስት ደቂቃ ማቆየት አይበቃም፤ ስታርተሩ የበላውን እንኳ በዚያ ሰዓት አይመልስም።

የጌጃ ሰፈሩ ልጅ ሞተር 14.1 አሳይቷል። ቀይሮት የነበረውን አሮጌውን ባትሪ አምጣው ብዬው በጭነት ስለካው ደህና ነበር። አሁን ሁለት ባትሪ አለው። አንዱን እቤት አስቀምጦ በየወሩ ቻርጅ እንዲያደርገው ነግሬዋለሁ።